ሳይመዘኑ የበረሩ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ የነገርኳችሁ የሚጣፍጠውን ነበር። ዛሬ የመረረውን ነው የማወራው፤ እንባ የማይወድ ሰው ገጹን ገልብጦ ወደ ሌላው ይለፍ፣ አልቀየምም። ለአዲስ አንባቢ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገረው፤ ከመሃል ገብቶ ግራ እንዲጋባ አልፈልግም።

አባቴ ጎብኚዎችን በሄሊኮፕተር እያሳፈረ ተራራውን የሚያሳይ ትንሽ ድርጅት አለው። አለው ሳይሆን ነበረው። አንድ ሄሊኮፕተር፣ አንድ አብራሪ፣ አንድ መካኒክ፣ የቆርቆሮ መጠለያ፣ ከመጠለያው ጎን ሁለት ክፍል ቢሮና አንዲት ዕቃ ቤት። እኔ የዚያ ቢሮ እንግዳ ተቀባይም፣ ስልክ አንሺም፣ መዛኝም ነበርኩ። አዎ፣ መዛኝ። ሄሊኮፕተር እንደ አውቶብስ አይደለም፤ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ከነቦርሳው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ክብደቱ ቅጽ ላይ ይሰፍራል፣ አብራሪው ያንን አይቶ ማን የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚይዝ ይወስናል። ከቅጹ ግርጌ የመዛኙ ፊርማ አለ። ያ ፊርማ የእኔ ነበር።

ሰው ክብደቱን ሲያዩበት እንዴት እንደሚሆን እኔን ጠይቁኝ። ትልቁ ሰውዬ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወይዘሮዋ ጫማዋን፣ ቀበቶዋን፣ ሹራቧን ታወልቃለች፤ አንዷማ የጆሮ ጌጧን ሳይቀር አውልቃ አስይዛኛለች። ስለዚህ የሚዛኑን ቁጥር ማሳያ ወደ ራሴ አዙሬ ነበር የማስቀምጠው። ከእኔ በቀር ማንም አያየውም፣ እኔም ጮክ ብዬ አላነብም። "እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ሄሊኮፕተሩ ወዶዎታል" እላለሁ። ይስቃሉ። ቁጥሩን ግን አንዲት ኪሎ ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

አብራሪውም በየጠዋቱ ይመዘን ነበር፤ ደንቡ ነው። የእኛ ፍቅር በዚያ ደንብ ያደገ ነው ብል አልዋሸሁም። በቀን ግማሽ ደቂቃ። እሱ ሚዛኑ ላይ ይቆማል፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ፣ ከዚያ ቀና ብዬ እሱን አያለሁ። ሰውነት የለውም፣ ቀጭን ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒካችን ላባ ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። "አንተ ንፋስ ካገኘህ ሞተር ምን ያደርግልሃል?" ይሉታል። ላባ ፈገግ ይላል።

"ዛሬስ?" ይለኛል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"ግማሽ ኪሎ ጨምረሃል።"

"ያንቺ ሐሳብ ነዋ፤ ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሜው ነው ያደርኩት።"

አባቴ ከጀርባዬ ባለው ቢሮ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ግማሽ ደቂቃዋ ታልቃለች። የቀረውን በደብዳቤ ነበር የምንጨርሰው። እሱ የበረራ ቅጽ ሲያስረክበኝ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ እኔም አዲስ ቅጽ ስሰጠው እንዲሁ። ስልክ የላችሁም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በእናንተ ቤት አባት የሴት ልጁን ስልክ አያይም ይሆናል፤ በእኛ ቤት ያያል።

ላባ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። እናቱ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በአንዲት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነው አሳድገው ለዚህ ያበቁት። አባቴ ነገሩን የጠረጠረ ዕለት እኔን ሳያይ፣ ለመስኮቱ እንደሚናገር ሆኖ "ጎበዝ አብራሪ ነው" አለ። "ጎበዝ አብራሪ ደግሞ ይቀጥሩታል እንጂ ልጅ አይድሩለትም።" ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የእሱ ነገር በቤታችን አልተነሳም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፣ እሱንም ልናገረው። የጎብኚ ወቅት ሲመጣ ሰው ይበዛል፣ ቅጽ መሙላት ያስመርራል። ማለዳ ስገባ አሥር አሥራ አምስት ባዶ ቅጽ አስቀድሜ እፈርምና አስቀምጣለሁ፤ ቁጥሩን ሰው ሲመጣ እሞላዋለሁ። ምን ክፋት አለው? ሚዛኑም የእኔ፣ ብዕሩም የእኔ፣ ጠረጴዛውም የእኔ። ላባ አንድ ቀን ስፈርም ደርሶ ግንባሩን ቋጠር አደረገ።

"ይቺ ነገር ደስ አትልም" አለኝ።

"አታምነኝም?" አልኩት።

በቃ፣ ነገሩን ተወው። የሚወዳት ልጅ ፊቷን ኮስተር አድርጋ "አታምነኝም?" ስትለው ወንድ ልጅ ምን ይላል? ያቺን ጥያቄ መልሼ ብውጣት እንዴት ደስ ባለኝ።

* * *

ነገሩ የተበላሸው በቁርስ ሰዓት ነው። አባቴ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ "ያ ልጅ ተስማማ" አለ።

"የትኛው ልጅ?" አልኩ፣ እያወቅኩ።

"አብራሪው። ባሕሩ ዳር አንድ ወዳጄ ትልቅ ሄሊኮፕተር አስመጥቷል፣ ደህና አብራሪ ይፈልጋል። እዚያ ብትሄድ ታድጋለህ አልኩት። በወሩ መጨረሻ ይሄዳል።"

"ደስ አለው?"

"ምነው፣ ወጣት አይደል? ማደግ የማይፈልግ ማን አለ?" አለና ሻዩን አነሳ። ዓይኑ ግን ከእኔ አልተነቀለም፤ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ለማወቅ እየነካካ እንደሚመረምር ሐኪም ነበር የሚያየኝ።

አባቴ ከዚያ በፊት ዋሽቶኝ አያውቅም። ወይም ዋሽቶኝ አውቄበት አላውቅም። ብቻ አመንኩት። ላባ ከሁለት ቀን በፊት የጻፈልኝ ደብዳቤ ስለ ደመናና ስለ ጋሼ አዲስ መነጽር ነበር የሚያወራው፤ ስለ ባሕር አንድ ቃል የለበትም። ለካ እኔ ልቤን ሰጥቼ ስጠብቅ እሱ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው አልኩ። ደግሞ እንዴት እንደሚቀል! በግማሽ ደቂቃ የተወደደች ሴት በግማሽ ደቂቃ ትረሳለች ማለት ነው።

ቢሮ ገባሁ። እጄ እንደ ልማዱ ባዶዎቹን ቅጾች ፈረመ፤ እኔ ምን እንደምሠራ እንኳን አላስተዋልኩም። የላባን ኮቴ ስሰማ ተነስቼ የጆሮ ማዳመጫና የዝናብ ልብስ ወደምናስቀምጥበት ዕቃ ቤት ገባሁና ከውስጥ ቀረቀርኩት። ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ሲጠብቀኝ ተሰማኝ፤ ያ ሚዛን ሰው ሲቆምበት ትንሽ ይንቋቋል። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ወረደ። ከዚያ በሩ ጋ መጣ።

"ምን ሆነሻል? አሞሻል?"

"ሂድ!"

"የት ነው የምሄደው?"

"ወደ ባሕርህ!"

"ማን ነው የነገረሽ?" አለኝ።

"የነገረኝማ ነገረኝ። ያልነገርከኝ አንተ ነህ።"

"አንቺ... በሩን ክፈቺውና ላስረዳሽ።"

የአባቴ መኪና ግቢ ሲገባ ሁለታችንም ሰማነው። ላባ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወረቀት አለልሽ፣ ማታ ነው የጻፍኩት። አፈር ስሆን አንብቢው" አለና በበሩ ሥር አሾለከልኝ። እኔ ምን አደረግኩ? በጫማዬ ረገጥኩት። ቆይቼ አንስቼ ሳልከፍተው ኪሴ ከተትኩት። ትንሽ ይቃጠል ብዬ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አነበዋለሁ፣ እስከዚያ ግን ትንሽ ይቃጠል። ኩራቴ እንዲህ ነበር የሚያስበው፣ የፊቱን እንኳ ሳያይ።

ብዙም ሳይቆይ የእንግዶች ድምፅ መጣ። ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት ናቸው፣ አራቱም የረጅም ጊዜ ወዳጆች፣ በአባቴ አንድ የተከበረ ጓደኛ በኩል የመጡ። አላየኋቸውም፤ ድምፃቸውን ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሲስቁ ግድግዳው ይስቃል። አንደኛዋ ሴትዮ፣ "ሚዛን? ኧረ በሞቴ! ካገባሁ ወዲህ ሚዛን ላይ ወጥቼ አላውቅም!" አለች። ባሏ፣ "ተዋት፣ የሰው ሚዛን ትሰብራለች" አለ። ተሳሳቁ።

አባቴ "ልጄ!" ብሎ ጠራኝ። አልመለስኩም። ደግሞ ጠራኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

"ዛሬ ትንሽ አሟታል መሰለኝ" አለ ለእንግዶቹ። "ግድ የለም፣ እናንተ የክብር እንግዶች ናችሁ፣ ክቡር እንግዳ እንደ ጆንያ ሲመዘን ደስ አይልም። እኔ በዓይኔ አውቀዋለሁ።" ወረቀት ሲነሳ፣ ብዕር ሲከደን ሰማሁ።

ሰማሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። አራት ሰዎች ሳይመዘኑ ሊሳፈሩ መሆኑን በዚያ በር በኩል በሁለት ጆሮዬ ሰማሁ፤ አልወጣሁም። ላባን ስለማውቀው ነው። ሳይመዘኑ አይበርም። ውጭ ሄሊኮፕተሩን እየፈተሸ ነው፤ ሲነግሩት ይመለሳል፣ በሬን ያንኳኳል፣ ነይ ውጪልኝ፣ ያላንቺ አይሆንልኝም ይለኛል። እኔም ትንሽ አስለምኜው እወጣለሁ። ይህን ነበር ቁጭ ብዬ የጠበቅኩት።

አላንኳኳም። የሞተሩ ድምፅ ተነሳ፣ የዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፁ ራቀ። ያን ጊዜ እንኳን የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ተናድጄ ነበር፤ ሳይለምነኝ ሄደ ብዬ።

* * *

ጉብኝቱ አርባ ደቂቃ ነው። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከዕቃ ቤቱ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ጠረጴዛዬ ጋ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮው አጠገብ ቆሟል። የላባ ድምፅ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ መጣ፤ በተራራው ሁለት ጫፎች መሃል ሊሻገር መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎ፣ "ዛሬ ከብዳለች፣ አልወጣ አለችኝ" አለ።

እኔና አባቴ ተያየን። በዚያች አፍታ ሁለታችንም አወቅን። አባቴ ማናገሪያውን አንስቶ "ተመለስ! ተወውና ተመለስ!" እያለ ጮኸ። ጮኸ፣ ጮኸ። ሬዲዮው ዝም አለ።

ወደዚያ ተራራ መንገድ የለም። ጭጋጉም አልነሳ ብሎ የተላከው ሌላ ሄሊኮፕተር ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። ፈላጊዎች በእግር ገቡ፣ ጋሼም አብረዋቸው ሄዱ፤ ያንን ማሽን ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ቋጥኝ ላይ አገኙት። ለመሻገር ጥቂት ሜትር ነበር የቀረው አሉ። አምስት ሰው ነበሩ፤ የተረፈ የለም።

ደብዳቤውን ያን ጊዜ ነው የከፈትኩት። ዕቃ ቤቱ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ይላል፦

"የኔዋ፣ አባትሽ ዛሬ ጠርተውኝ ወደ ባሕሩ ዳር ሂድ አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። ድፍረት እንዳይመስልብኝ በትህትና ነው ያልኩት፤ ድምፄ ግን የጫጩት ድምፅ ነበር፣ እንዳትስቂ። ለምን አሉኝ። ልጅዎን ስለምወዳት አልኳቸው። ይህን ቃል ጮክ ብዬ መጀመሪያ የተናገርኩት ለእሳቸው መሆኑ ያበሳጨኛል፤ ላንቺ ነበር መባል የነበረበት። ውጣልኝ አሉኝ፣ ወጣሁ። እስካሁን አላባረሩኝም፤ ሌላ አብራሪ እስኪያገኙ ይሆናል። ለእናቴ ነገርኳት። ጥሩ ልጅ ናት ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፣ ትበላለች ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሰው ስትመዝን ትውላለች፣ የራሷን ግን አሳይታኝ አታውቅም አልኳት። እስክትታመም ሳቀች። ይዘሃት ና ብላኛለች። ትመጫለሽ? አዎ ከሆነ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ጠዋት ስመዘን ቀና ብለሽ እዪኝ፣ ይበቃኛል።"

ቀና ብዬ አላየሁትም። ሚዛኑ ላይ ቆሞ የጠበቀው መልስ ይህ ነበር፣ እኔ ደግሞ በር ቀርቅሬበት ነበር። አልቅሼ የሚወጣልኝ መስሎኝ አለቀስኩ፤ አልወጣልኝም።

* * *

ጋሼ ከተራራው የተመለሱ ዕለት ባዶው መጠለያ ውስጥ የመፍቻ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው ተልጧል፣ እጃቸው ተላልጧል። አጠገባቸው ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ለምን በረረ?" አልኳቸው። "እንዳልመዘንኳቸው ያውቅ አልነበር?"

ቀና ብለው አዩኝ። "አልመዘንሻቸውም?"

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

"አባትሽ ቅጹን ሲሰጡት አጠገቡ ነበርኩ" አሉ። "'እሷ ናት የመዘነቻቸው?' አላቸው። 'ፊርማዋን አታይም?' አሉት። አየው። ልጄ፣ ፊቱ እንዴት እንደበራ! ወደ እኔ ዞሮ 'ጋሼ፣ ወጣች ማለት ነው' አለኝ። ምኑ እንዳስደሰተው አልገባኝም ነበር። ቁጥሩን አይቶ በዚያው ልክ ነዳጅ አስሞላኝ። ዓይኑ ቢያጠራጥረው እንኳ ፊርማሽን አይቶ ማንን ይጠረጥራል?" ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። እኔ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከራሴ ጋር መቀመጥ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ወሬው ከተማውን ሞላው። አብራሪው ለእንግዶቹ ሊያሳይ ብሎ ገደሉን ተጠግቶ ነው፣ ልጅነት ነው፣ ጉራ ነው ተባለ። ወሬው ከየት እንደወጣ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከሟቾቹ የአንደኛዋ ወንድም የላባ እናት በር ላይ ቆሞ "ልጅሽ ነው የጨረሰን!" እያለ ጮኾባቸዋል ሲሉ ሰማሁ። ቤት ስገባ አባቴ ሳሎን ተቀምጧል፣ ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ አለ።

"ነገ መርማሪዋ ትጠራሻለች" አለኝ። "ይህን አንብቢው። መዘንኳቸው፣ ፈረምኩ፣ ሌላ የማውቀው የለም። በቃ፣ ሦስት መስመር ናት።"

"አልመዘንኳቸውም እኮ አባዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ቁጥሩን አንተ ነህ የጻፍከው። ስንት ስንት አልካቸው?"

የተተየበውን ገጽ ወደ እኔ አስጠጋው። ቅጹን በኋላ አየሁት፤ ለሴቶቹ ስድሳ ስድሳ፣ ለወንዶቹ ሰባ ሰባ ነበር የጻፈላቸው። ደግ ሰው ነው አባቴ፣ እንግዳ ማስቀየም አይወድም። እያንዳንዳቸውን በአሥራ አምስት፣ በሃያ ኪሎ አሳምሯቸዋል።

"ስሚኝ" አለ፣ ድምፁ ተሰባበረ። "እሱ ሞቷል። ስሙ ቢነሳም ቢወድቅም አይሰማውም። ፊርማው ያንቺ ነው፣ የሚጠይቁት አንቺን ነው። ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኩሽ እስር ቤት ልጠይቅሽ ነው? ላንቺ ብዬ ነው!"

"ባሕሩ ዳር ሊሄድ ተስማማ ያልከኝስ? እሱም ለእኔ ተብሎ ነው?"

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲርገበገብ አየሁ። ልጠላው ፈልጌ ነበር፣ በጣም ፈልጌ ነበር፤ እንዳለቀሰ ግን አባቴ ሆነብኝ፣ ያ ደግሞ ከጥላቻው የባሰ ነው።

* * *

የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ በእግር ካልገፉት የማይዘጋ መሳቢያ። መርማሪዋ በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አባቴ ከግድግዳው ጋር ተቀምጧል። ቅጹን ከፋይል አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው።

"ይህ ፊርማ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ተሳፋሪዎቹን መዝነዋቸዋል?"

አባቴን አላየሁትም፤ ካየሁት እንደማልችል አውቃለሁ። ሦስቱ መስመር በቃሌ ነበር። አፌን ስከፍት የመጣልኝ ግን ጋሼ የነገሩኝ ነው፣ ፊርማዬን አይቶ ፊቱ የበራው ልጅ።

"አልመዘንኳቸውም" አልኩ። "ባዶ ቅጽ ላይ ነው የፈረምኩት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማደርገው። አብራሪው ቁጥሩን አምኖ ነው የበረረው፤ እሱ ያጠፋው ነገር የለም።"

"ቁጥሩን ማን ሞላው?"

የአባቴ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እኔ መናገር ሳይኖርብኝ "እኔ ነኝ" ቢል ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። የሴትዮዋ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

"አባቴ" አልኩ።

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። "ይህ ቃል በእርስዎም ላይ ክስ እንደሚያስከትል ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

ሲያስፈርሙኝ መጀመሪያ ሁሉንም አነበብኩት፣ እያንዳንዱን መስመር። ስወጣ አባቴ ኮሪደሩ ላይ በአጠገቤ አለፈ፤ እኔን ሳያይ፣ እንደማያውቀኝ ሰው። እውነት ስናገር የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ምኑም አልቀለለኝም።

* * *

ቃሌን በሰጠሁ በሦስተኛው ቀን የላባ እናት ዘንድ ሄድኩ። ጥፋቱ የአብራሪው እንዳልሆነ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ነው። ያቺ ክፍል እሱ እንደነገረኝ ናት፤ አልጋ፣ የስፌት መኪና፣ በየሥፍራው የተከመረ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ያልተገጠሙ ኮሌታዎች። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሥራው አይጠብቅም። በሩ ክፍት ነበር። አጭር ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው የእሱ ነው። ያንን ዓይን ሳየው ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"አንቺ ነሽ መዛኟ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ግቢ። ቁጭ በይ።" ወንበር ሳቡልኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ልጃቸው ምን እንዳየብኝ የሚፈልጉ ይመስል ነበር። "ተናገርሽ አሉ። በራስሽ ላይ፣ በአባትሽም ላይ። ጎረቤቱ ሁሉ ትናንት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያ ሲጮህብኝ የነበረው ሰውዬ እንኳ መጣ። የልጄን ስም አጠራሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

እዚያ ላይ ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። ምስጋናውን ተቀብዬ፣ አብሬያቸው አልቅሼ፣ በየሳምንቱ እየመጣሁ የሚወዱኝ ልሆን እችል ነበር። ባዶ ቦታቸውን ልሞላላቸው ነበር የመጣሁት፤ የሞኝ ሐሳብ ቢሆንም እውነቱ እሱ ነው። ግን በእነዚያ ዓይኖች ፊት ተቀምጬ መዋሸት አቃተኝ።

"እማማ፣ ለመርማሪዋ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። እሷም አልጠየቀችኝም።"

"ምንድን ነው ልጄ?"

"ሰምቼ ነበር። አባቴ አይመዘኑ ሲላቸው በሩ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። ተኳርፈን ነበር፤ እኔ ነኝ የኮረፍኩት፣ ያውም በውሸት ወሬ። መውጣት እችል ነበር። ጮኼ ማስቆም እችል ነበር። እያወቅኩ ነው የተቀመጥኩት።"

እጃቸው ውስጥ የነበረውን ኮሌታ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"በሩ ከሚዛኑ ስንት እርምጃ ነው?"

"ሰባት። ቢበዛ ስምንት።"

"ሰባት እርምጃ" አሉ። ለራሳቸው ነው ያሉት። "ቁጭ ብለሽ ምን ትጠብቂ ነበር?"

"እንዲለምነኝ።"

ከውጭ ሰው እየተጫወተ ያልፋል። እንዲሰድቡኝ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ፀጉሬን ቢይዙኝም እሺ ነበር የምለው። እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም።

"ይለምንሽ ነበር እኮ" አሉኝ። "ልጄ ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ትንሽ ብትታገሽው ከሥራው ሲመለስ በሩ ላይ ተንበርክኮ ይለምንሽ ነበር። ሲወድ እንደዚያ ነው።"

"አውቃለሁ እማማ። አሁን አውቃለሁ።"

"የእሱን ስም አንስተሻል፣ አልክድሽም። ስለ እሱ የምጸልይ ቀን ያንቺንም አነሳለሁ። ይወድሽ ነበርና እንድረግምሽ አይፈቅድልኝም።" ተነስተው አጠገቤ መጡ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ከባድ እጅ አልነበረም። "ግን ሳይሽ ሰባቱን እርምጃ ነው የምቆጥረው። ዕድሜ ልኬን ልቆጥር አልችልም። ሁለተኛ ወደዚህ ቤት አትምጪ፣ ልጄ።"

ልጄ ብለው ነው ያሰናበቱኝ። ቢጮኹብኝ፣ ቢያዋርዱኝ ይሻለኝ ነበር።